የመካከለኛው ዘመንና የሕዳሴ ጥናትን በማይነር ለመያዝ፦ ከካታሎግ እስከ መጨረሻው ወረቀት

«ሜጀሬ ነርሲንግ ነው፤ የመካከለኛው ዘመንና የሕዳሴ ጥናትን ማይነር ብይዝ ምረቃዬ ይዘገያል ወይ? ግዕዝ ማንበቤስ ይቆጠርልኛል?» አሜሪካ ከሚማሩ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪዎች ይህ ጥያቄ በየሴሚስተሩ ይመጣል (ሜጀር ዋናው የትምህርት መስክ ነው፤ ማይነር ከጎኑ የሚያዝ አነስተኛ መስክ)። ነርሲንጉ አንዳንዴ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ አንዳንዴ አካውንቲንግ ይሆናል እንጂ ጥያቄው ያው ነው። አጭሩ መልስ፦ ሂሳቡ ከሁለተኛ ዓመት ምዝገባ በፊት ከተሠራ አያዘገይም፤ ግዕዙም ይቆጠራል፣ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ካስጸደቃችሁት። ረጅሙ መልስ ከዚህ በታች ያለው ነው።

መመሪያው የተጻፈው አሜሪካ ውስጥ የአራት ዓመት ዲግሪ ለሚማሩ ነው። ማይነሩን ካታሎግ (የዩኒቨርሲቲው የኮርሶችና የመመረቂያ መስፈርቶች ዝርዝር) ላይ ስትፈልጉ «ሚዲቫል» እና «ረኔሳንስ» በሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ፈልጉ፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ከሁለተኛው ቃል ይልቅ «ኧርሊ ሞደርን» ይላል። በአማርኛ «ሕዳሴ» ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ከፈለጋችሁ የምታገኙት ስለ ዓባይ ግድብ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዩኒቨርሲቲው በገባችሁበት ዓመት ያወጣው ካታሎግ (የዘንድሮው አይደለም)
- ዲግሪ ኦዲታችሁ፣ ማለትም የትኛው ኮርስ ለምን እንደተቆጠረ የሚያሳየው ገጽ
- ያለፉት 4 ሴሚስተሮች የኮርስ መርሐ ግብር
- አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ
- የወሰዳችሁትና የምትወስዱት ኮርስ ሁሉ ሲለበስ (የኮርሱ ይዘትና ንባብ ዝርዝር)፣ በፒዲኤፍ
- ምንጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም (ዞቴሮ በነጻ ይገኛል)
- በሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት ንባብ ክፍል አካውንት (ምዝገባው ነጻ ነው)
- እርሳስ፤ የብራና ማንበቢያ ክፍሎች እስክሪብቶ አያስገቡም፣ ቀለም ከብራና ላይ አይለቅምና
- ለእያንዳንዱ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ከክፍል ውጭ በሳምንት 6 ሰዓት ገደማ የንባብ ጊዜ

አሠራሩ

1. ከካታሎጉ አምስት ቁጥሮችን አውጡ። ይህ ማይነር ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ክሬዲት፣ ማለትም 5 ወይም 6 ኮርስ ይጠይቃል። ጠቅላላውን ክሬዲት ማወቅ ብቻውን ግን አይበቃም። የምትፈልጓቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ ጠቅላላ ክሬዲት፤ ከ300 በላይ ቁጥር ያላቸው ኮርሶች ስንት መሆን እንዳለባቸው፤ ኮርሶቹ ከስንት ትምህርት ክፍል መምጣት እንዳለባቸው፤ ከሜጀር ጋር ስንት ኮርስ መጋራት እንደሚቻል፤ ዝቅተኛው ግሬድ ስንት እንደሆነ። ተማሪን አብዛኛውን ጊዜ የሚጥሉት ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው። በተለይ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትራንስፈር ያደረጋችሁ ልብ በሉ። እዚያ የሚሰጡት የ100 እና የ200 ቁጥር ኮርሶች ብቻ ስለሆኑ የ300ዎቹን በሙሉ አሁን ባላችሁበት ዩኒቨርሲቲ መውሰድ ይኖርባችኋል።

የገባችሁበት ዓመት ካታሎግ የሚያስፈልገው የምትመረቁት አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ስለሆነ ነው። መስፈርቱ ከዚያ ወዲህ ቢለወጥ የቀድሞውን ይዛችሁ ልትጨርሱ ትችላላችሁ። አንዳንድ ቦታ ግን ማይነር የሚታየው ዲክሌር በተደረገበት (በይፋ በተመዘገበበት) ዓመት ካታሎግ ነውና ሬጂስትራሩን ጠይቁ።

2. ሠንጠረዡን ሥሩ። ለእያንዳንዱ የማይነር ኮርስ አንድ መስመር ስጡ፤ ጎኑ ላይ «ለሌላ ምን ይቆጠራል?» የሚል ዓምድ ይኑር። ምሳሌ እንውሰድ። ማይነሩ 18 ክሬዲት ነው እንበል። ሁሉም ተማሪ ግዴታ ከሚወስደው የሂዩማኒቲስ ጠቅላላ ትምህርት 6 ክሬዲት፣ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ መግቢያ እና የሥነ ጥበብ ታሪክ መግቢያ ወስዳችሁ ትሸፍናላችሁ። 12 ቀረ። ሜጀራችሁ 6 ክሬዲት ነጻ ምርጫ ከፈቀደ እሱም እዚህ ይገባል። በእውነት የተጨመረባችሁ ሸክም ስድስት ክሬዲት፣ ሁለት ኮርስ ነው።

ነርሲንግና ምሕንድስና ነጻ ምርጫ እምብዛም የላቸውም፤ ስለዚህ ቀሪው 12 ክሬዲት ሙሉ በሙሉ ተጨማሪ ነው። ነርሲንግ ላይ ደግሞ ክሊኒካል ልምምድ ሲጀመር ሙሉ ቀኖች ይወሰዳሉ፤ ማክሰኞና ሐሙስ በቀን የሚሰጥ ሴሚናር ከዚያ በኋላ አይታሰብም። ለነርሲንግ ተማሪ ከአራቱ ኮርስ ሦስቱ ክሊኒካል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው።

ያለፉትን 4 ሴሚስተሮች መርሐ ግብር እዚሁ አውጡት። የዚህ መስክ ኮርሶች ብዙዎቹ በሁለት ዓመት አንዴ ነው የሚሰጡት። ዳንቴ ላይ የሚሰጥ ኮርስ ዘንድሮ ካመለጣችሁ ቀጣዩ ዕድል አራተኛ ዓመት ላይ ሊሆን ይችላል።

3. የመጀመሪያውን ኮርስ ከጠቅላላ ትምህርት ዝርዝር ምረጡ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መስኩ ካልተስማማችሁ ብታቆሙም ኮርሱ ለዲግሪያችሁ ይቆጠራል፤ የባከነ ክሬዲት አይኖርም። ከሥነ ጥበብ ይልቅ በታሪክ ጀምሩ። የሮም ምዕራባዊ መንግሥት መጨረሻ ተብሎ በሚቆጠረው 476 እና ቁስጥንጥንያ በቱርኮች በተያዘችበት 1453 መካከል ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል ያላወቀ ተማሪ፣ ሥዕሉም ግጥሙም አየር ላይ ይንሳፈፍበታል።

4. የፕሮግራሙን ኃላፊ አነጋግሩ። ይህ ማይነር ብዙ ቦታ የራሱ ትምህርት ክፍል የለውም። መምህራኑ ከታሪክ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከሥነ ጥበብ፣ ከፍልስፍና ተውጣጥተው ነው የሚያስተምሩት። የሜጀራችሁ አድቫይዘር ስለዚህ ማይነር ላያውቅ ይችላል፤ የእሱ «ችግር የለውም» ዋስትና አይሆንም። ለኃላፊው አጭር ኢሜይል ላኩ፤ ሜጀራችሁንና ዓመታችሁን፣ የወሰዳችሁትን ተዛማጅ ኮርስ፣ የምታነቡትን ቋንቋ፣ መገናኘት የምትችሉባቸውን ሦስት ሰዓቶች ይያዝ። ስትገናኙ እነዚህን ጠይቁ፦ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የትኞቹ ኮርሶች ታቅደዋል? «ልዩ ርእስ» ተብለው የሚሰጡት ይቆጠራሉ? የመጨረሻውን ወረቀት (ማይነሩ የሚዘጋበትን የጥናት ጽሑፍ) ማን ይመራል? ስትመለሱ የተባባላችሁትን በኢሜይል ጽፋችሁ «በትክክል ተረድቻለሁ?» በሉ። ኃላፊው በሁለት ዓመት ውስጥ ቢቀየር በእጃችሁ የሚቀረው ያ ኢሜይል ነው።

5. ዲክሌር አድርጉ። ፎርሙ ራሱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ማይነሩ ኦዲቱ ላይ ካልወጣ ግን ለገንዘብ እርዳታ ክፍሉም ለሬጂስትራሩም እንደሌለ ነው።

6. ቋንቋውን አስወስኑ። ብዙ ፕሮግራሞች የዘመኑን ቋንቋ ያስገድዳሉ ወይም እንደ ኮርስ ይቆጥራሉ። የተለመደው ላቲን ነው፤ ሁለት ሴሚስተር ካልተማራችሁ ዋናውን ጽሑፍ ማንበብ አይታሰብም።

እዚህ ላይ ግዕዝ የሚያነቡ ተማሪዎች አንድ ነገር ያምታታሉ። አማርኛ መናገራችሁ ከዘመናዊ ቋንቋ ግዴታ ነጻ ሊያደርጋችሁ ይችላል፤ የመካከለኛው ዘመን ቋንቋ መስፈርትን ግን አያሟላም። ያንን ሊያሟላ የሚችለው ግዕዝ ነው፤ እሱም ፊደሉን መለየት ሳይሆን ሰዋስውን ማወቅ ነው። ዳዊት መድገም የሚችል ሰው ግሱን በዘመንና በመደብ መዘርዘር ካልቻለ ምዘናውን አያልፍም። ላቲንን በግዕዝ የምትተኩበት ማመልከቻ አራት ነገር ይያዝ፦ ግዕዝን የት፣ ለስንት ጊዜ፣ በማን እንደተማራችሁ፤ የተማራችሁበት ዝርዝር ወይም ሲለበስ፤ ሊመዝናችሁ የሚችል የሴማዊ ቋንቋዎች መምህር (ከሌላ ዩኒቨርሲቲም ሊሆን ይችላል)፤ እና ለመጨረሻው ወረቀት የምታነቡት የግዕዝ ጽሑፍ። የመጨረሻው ነጥብ ወሳኝ ነው፤ ኮሚቴው ቋንቋው ለዚህ ጥናት ምን እንደሚሠራ የሚያይበት እሱ ብቻ ነው። በዩኒቨርሲቲያችሁ ግዕዝ ከሌለ ሌላ ቦታ መውሰድም ይቻላል፤ ለምሳሌ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ግዕዝ ያስተምራል። ክሬዲቱ መተላለፉን ግን ከመመዝገባችሁ በፊት አስጸድቁ።

7. የመካከለኛ ኮርሶችን ስትመርጡ መስኩን አሰባጥሩ። አንድ ታሪክ፣ አንድ ሥነ ጽሑፍ፣ አንድ ሥነ ጥበብ ወይም ሙዚቃ፣ አንድ ፍልስፍና ወይም ሃይማኖት ጥሩ ሚዛን ነው። ሁለት ከባድ የንባብ ኮርስ በአንድ ሴሚስተር አትያዙ፤ ለአንዱ በሳምንት ከ100 ገጽ በላይ ማንበብ የተለመደ ነው። የጊዜ ወሰኑንም አጣሩ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ 1500 ላይ ያቆማል፣ ሌላው እስከ 1650 ይሄዳል፤ የሼክስፒር ኮርስ አንዱ ጋ ይቆጠራል፣ ሌላው ጋ ላይቆጠር ይችላል።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ለኮርስ ሥራ የሚሆን ዕቃ በአካል ለማየት ዕድለኞች ናችሁ። ባልቲሞር ያለው ዋልተርስ ሙዚየም የአውሮፓም የኢትዮጵያም ብራናዎች አሉት፤ ዋሽንግተን ያለው ዳምባርተን ኦክስ የቢዛንታይን ስብስብ አለው። ሁለቱም ሙዚየሞች መግቢያቸው ነጻ ነው።

8. የመጨረሻውን ወረቀት ከምታነቡት ምንጭ ጀምሩ። ብዙ ቦታ ከ15 እስከ 20 ገጽ ነው። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ተማሪው «ሴቶች በመካከለኛው ዘመን» ዓይነት ሰፊ ርእስ ይዞ ምንጭ ፍለጋ ይወጣል። ተቃራኒውን አድርጉ። በራሳችሁ ዓይን ማንበብ የምትችሉት አንድ አጭር የዘመኑ ጽሑፍ ያዙ፤ ጥያቄው ከእሱ ይወጣል።

ለግዕዝ አንባቢ ሥራ ላይ የሚውል ምሳሌ ይኸውና። ተአምረ ማርያም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በ1400 አካባቢ ነው፤ ከታሪኮቹ ብዙዎቹ ደግሞ መነሻቸው ምዕራብ አውሮፓ ነው። ደቅስዮስ የምንለው ጳጳስ በላቲን ኢልዴፎንሱስ ይባላል፤ የስፔኗ ቶሌዶ ሊቀ ጳጳስ ነበር፣ ያረፈው በ667 ነው። በሁለቱም ወገን እመቤታችን ልብስ ትሰጠዋለች፣ ያን ልብስ የደፈረው ተተኪው ይቀሰፋል። ልዩነቱም አለ፦ በላቲኑ ትውፊት ኢልዴፎንሱስ ስለ ድንግልናዋ የሚከራከር መጽሐፍ ጽፏል፤ በግዕዙ ግን ደቅስዮስ የተአምሯን መጽሐፍ የሰበሰበ ነው። የደቅስዮስን በዓል ተመልከቱ። ታኅሣሥ 22 በድሮው የጁሊያን አቆጣጠር ዲሴምበር 18 ላይ ይውላል፤ ቶሌዶም የማርያምን በዓል በ656 በተደረገው ጉባኤ ያኖረችው በዚሁ ዲሴምበር 18 ነው። ቀኑ ባሕርና ሁለት ቋንቋ ተሻግሮ ሳይናወጥ ደረሰ፤ የመጽሐፉ ይዘት ግን ተለወጠ። ምን ጸና፣ ምን ተለወጠ፣ ለምን? ለ18 ገጽ የሚበቃ ጥያቄ ይህ ነው። ላቲኑን ማንበብ ካልቻላችሁ በትርጉም ተጠቀሙና ይህንኑ በግልጽ ጻፉ።

የ14 ሳምንት ክፍፍሉ እንዲህ ቢሆን ይሠራል፦ 1–2 ምንጩን መምረጥ፤ 3–5 መገልበጥና መተርጎም፤ 6 የአንድ ገጽ ሐሳብ ለመምህሩ መስጠት፤ 7–8 ሌሎች የጻፉትን ማንበብ፤ 9–11 ረቂቅ፤ 12–13 እርማት፤ 14 ማስረከብ። ሌሎች የጻፉት ከመገልበጡ በኋላ የሚመጣው ሆን ተብሎ ነው፤ ቀድማችሁ ካነበባችሁት ብራናው ላይ የሚታያችሁ እነሱ ያሉት ብቻ ይሆናል።

ብራና ላይ ስትሠሩ፦

- ገጽ ሳይሆን ቅጠል ቁጠሩ። ጥቅሱ «ቅጠል 12፣ ፊት» ወይም «ቅጠል 12፣ ጀርባ» ነው። ማይክሮፊልም ላይ አንድ ምስል የተከፈተ መጽሐፍ ያሳያል፤ በግራ የቅጠል 11 ጀርባ፣ በቀኝ የቅጠል 12 ፊት ነው። ስለዚህ የምስሉን ቁጥር እንደ ቅጠል ቁጥር አትጻፉ።
- ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ጸሐፊው ቢያቀያይራቸው አታርሙ፤ ያያችሁትን ጻፉ። አጻጻፉ ስለ ጸሐፊው ዘመን መረጃ ነው። መዝገበ ቃላት ስትገልጡ ግን ተለዋጮቹን በሙሉ ሞክሩ፤ አለዚያ ቃሉ «የለም» ይላችኋል።
- የጽሑፉን ዘመንና የብራናውን ዘመን ለይታችሁ አስቀምጡ። የ1400 ጽሑፍ በ1750 ብራና ላይ ሊገኝ ይችላል።

9. ከምረቃ በፊት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሲቀር ኦዲቱን አትሙ። «ልዩ ርእስ» የተባሉ ኮርሶች ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ይዘታቸው በየጊዜው ይለያያል። ሬጂስትራሩ የሚያየው ቁጥሩን ብቻ ስለሆነ በራሱ አይቆጥራቸውም። ሲለበሱን ያስቀመጣችሁት ለዚህ ቀን ነው፤ ለኃላፊው ልካችሁ በእጅ እንዲያስገባው አድርጉ።

ማስጠንቀቂያ

*የፌዴራል እርዳታ ለምትቀበሉ፦* ለዲግሪያችሁ የማይቆጠር ኮርስ እርዳታው ሲሰላ አይገባም፤ ዲክሌር ያልተደረገ የማይነር ኮርስ ወዴት እንደሚመደብ የእርዳታ ክፍሉን አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። የሞከራችሁት ክሬዲት ጠቅላላ ድምርም ከፕሮግራሙ 150 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ ለ120 ክሬዲት ዲግሪ ጣሪያው 180 ነው፣ የወደቃችሁትና ያቋረጣችሁትም ይደመራል። ፔል ግራንት በዕድሜ ልክ ከ12 ሙሉ ሴሚስተር አያልፍም።

*በኤፍ-1 ቪዛ ላላችሁ፦* በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነ ኮርስ ከአንድ (3 ክሬዲት) በላይ አይቆጠርም። የግዕዝ ኮርስ በኦንላይን ስትወስዱ ይህን አስቡ። ማይነር መጨመር ብቻውን አይ-20ን (ዩኒቨርሲቲው ለቪዛው የሚሰጠውን ቅጽ) ለማራዘም በቂ ምክንያት እንደማይሆን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ያስጠነቅቃሉ። ከመወሰናችሁ በፊት የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ።

የተለመዱ ስሕተቶች

ኮርሱን «ፓስ/ፌይል» ማድረግ። የንባቡ ጫና ሲከብድ ይፈትናል፤ ግን ማይነር አብዛኛውን ጊዜ የፊደል ግሬድ ይጠይቃል፣ ዝቅተኛው ብዙ ጊዜ «ሲ» ነው። ኮርሱ ትራንስክሪፕት ላይ ይኖራል፣ ለማይነሩ ግን አይቆጠርም።

የዓመተ ምሕረትና የዓመተ ዓለም ሂሳብ። ብራናው 6934 ዓመተ ዓለም ካለ 5500 ቀንሱ፤ 1434 ዓ.ም. ይሆናል። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ 8 ስትደምሩ 1441 ወይም 1442 ይመጣል። ወሩ ካልተጻፈ «1441/42» ብላችሁ ተዉት፤ አንዱን መምረጥ ግምት ነው። አንዳንድ የድሮ ብራናዎች ደግሞ «ዓመተ ምሕረት» ሲሉ በ532 ዓመት ዑደት ውስጥ ያለውን ዓመት ማለታቸው ነው። «72 ዓመተ ምሕረት» ብታዩ 7 ደምራችሁ ክርስቶስ ከተወለደ በ79ኛው ዓመት አትበሉ።

የአውሮፓን ዓመት ሁሉ ጃንዋሪ 1 የሚጀምር አድርጎ ማንበብ። ፍሎረንስ ውስጥ ዓመቱ የሚገባው ማርች 25 ነበር። ከኢየሩሳሌም የመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ጉባኤ ላይ የደረሱት በ1441 ነው። ከቅብጦች ጋር የተደረገውን ስምምነት የያዘው የሮማው ጳጳስ ደብዳቤ ግን «ፌብሩዋሪ 4፣ 1441» ቢልም በእኛ ዘመን ንባብ 1442 ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ ደብዳቤውን ከመልእክተኞቹ መምጣት በፊት ያስቀድመዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ሁሉ ይገለበጣል። ሰነዱ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ባለው ጊዜ ከተጻፈ ሁልጊዜ የከተማውን ልማድ አጣሩ።

«የመጀመሪያው» እያሉ መጻፍ። በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1513 ሮም የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው፤ አባ ተስፋ ጽዮን ሮም ውስጥ ሐዲስ ኪዳንን ያሳተሙት ከ1548 እስከ 1549 ነው። ሁለቱን የሚያደባልቁ ወረቀቶች ብዙ ናቸው። ቃሉን ከመጻፋችሁ በፊት «የምን መጀመሪያ?» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ።

የምስል ፈቃድን መርሳት። ለክፍል ወረቀት ምስል መለጠፍ አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም፤ ወረቀቱ በዩኒቨርሲቲው ማኅደር ኦንላይን የሚወጣ ከሆነ ግን የእያንዳንዱን ቤተ መጻሕፍት ደንብ ማየት ያስፈልጋል። ፈቃድ ለመጠየቅ ሁለት ወር መድቡ፤ ሳምንት 13 ላይ የተላከ ኢሜይል መልሱ የሚደርሰው ከተመረቃችሁ በኋላ ነው።